ቀይ ክር የታሰረበት ድስት

ኒቪን ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ ባለችበት ከታች ፎቅ የአማቷ ድምፅ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሰተት ብሎ ገባ። «አራት ማንኪያ ሙሉ ነው የማደርግበት» ይላል ድምፁ፣ «ያውም እህቴ ከሚንያ የላከችልኝን የጎሽ ቅቤ። ዘይት ቢሆን ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ያጋልጠኝ ነበር፤ ቅቤ ግን ምስሩ ውስጥ ቅልጥ ብሎ ይጠፋል፣ አያሳብቅም።» በሹብራ ሰፈር የድሮ ፎቆች መታጠቢያ ቤቱም ማዕድ ቤቱም መስኮቱን የሚከፍተው ከመሬት እስከ ጣሪያ ወደሚወጣ አንድ ጠባብ ጉድጓድ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተከተፈ ሽንኩርት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያስለቅሳል። አማቷ እማማ ዘኪያ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ግን ስልክ ሲያወሩ መጮህ ልማዳቸው ነው፣ ከልጃቸው ከማግዳ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «እማዬ፣ ሁዳዴ እኮ ነው» አለች ማግዳ በድምፅ ማጉያው። «ኃጢአቱ በእኔ አንገት። እሷ ካላወቀች ጾሟ ጾም ነው» አሉ እማማ ዘኪያ። «ቢላዋ አይነካትም ብያለሁ፣ አይነካትም። ሐኪሞቹ ራሳቸው ካልከሳች አንቀድዳትም ብለዋል። እኔ ምን አደረግሁ? ማብላት ነው ያደረግሁት።» ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ኒቪንን የገደላት ሳቁ ነው።

ውኃው እየፈሰሰ ብዙ ቆመች። ከወረርሽኙ ዓመት ወዲህ አፍንጫዋ ሽታ አይለይም፤ ጋዝ ቢያፈስ እንኳ የሚነግራት ባሏ ነው። አማቷ ይህንንም ያውቃሉ። አሁን ሁሉ ነገር አንድ በአንድ ቦታ ቦታውን ያዘላት። ሁዳዴ ሲገባ እማማ ዘኪያ ደረጃውን እያቃሰቱ ወጥተው «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዓይነት ብቻሽን አትችይውም፤ ያንቺን ምስር ዘይት ሳይነካው ለብቻው እሠራልሻለሁ» ያሏት፣ ትንሿ ድስት ከሌላው እንዳትምታታ ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር ያሰሩባት፣ ድስቷን ልታጥብ ስትል ደግሞ «ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ፣ አንቺ ደክሞሻል» እያሉ ከእጇ የሚቀበሏት ለካ ለዚህ ኖሯል። ለዚያች እጥበት እጃቸውን ስማ ነበር። ሁለት ጊዜ።

ኒቪን የምትከሳው ለመልክ አልነበረም። ወንድሟ ኤሚል ኩላሊቶቹ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን እያሳጠበ ነው የሚኖረው። ከአምስት እህትና ወንድም ውስጥ ኩላሊት ለመስጠት ደሟ የገጠመላት እሷ ብቻ ሆነች። ሐኪሙ ግን ሚዛን ላይ አቆማትና ዘጠና ሰባት ሲል ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ሆነሽ አንቺን መቅደድ ለአንቺም ለእሱም አደጋ ነው። ከፋሲካ በኋላ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰማንያ ስምንት ሆነሽ ነይ» አላት። ዘጠኝ ኪሎ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ ገና ሁዳዴ ሳይገባ፣ ሦስቱን አራግፋ ነበር። ለኤሚል ደውላ «ሦስት ሄደ» ስትለው እንደ ልጅነታቸው በስልክ ውስጥ ፉጨት አሰማት። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ቆመ፤ ቆሞም አልቀረ፣ ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር። ቂጣዋን ግማሽ አደረገች፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች፣ ፍሬ ተምሯን ከሦስት ወደ አንድ አወረደች፣ ከምትሠራበት ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ስትወጣ አውቶቡስ ትታ በእግሯ መጣች። ሚዛኑ ምን ገዶት።

ይህ ሁሉ የሚጻፈው በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ባለው የክብደት መቀነሻ ማኅበር ነበር። ማኅበሩን የምትመራው ሊሊያን ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ተምራ የመጣች፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፤ የምታገለግለው በቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሁሉም «ታሶኒ» ይላታል፣ እህቴ ለማለት ነው። ታሶኒ ሊሊያን ግድግዳው ላይ አምስት እርከን ያለው መሰላል ሥላለች። ያላሰበች፣ እያሰበች ያለች፣ የተዘጋጀች፣ የጀመረች፣ የጸናች። የእያንዳንዷ ሴት ስም በመርፌ ይሰካና ክብደቷ ሲወርድ ስሟ ይወጣል። ሰው ከልቡ ሳይለወጥ ሥጋው አይለወጥም፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጊዜ እርከኑን ይወጣል፣ ብሎ የሚያስተምር ትምህርት ነው፤ ታሶኒ በየሳምንቱ ታስረዳዋለች። ማንንም አትቆጣም። በስድስተኛው ሳምንት ኒቪንን ለብቻዋ አስቀምጣ «ከዜሮ እስከ አሥር፣ ምን ያህል ትፈልጊዋለሽ?» አለቻት። «አሥር» አለች ኒቪን። ታሶኒ ፈገግ ብላ የምግብ መዝገቧን አገላበጠችና «ጽሑፉ አሥር ይላል፣ ሚዛኑ ግን አራት ይላል። አፍሽ ያልነገረኝን ሰውነትሽ እየነገረኝ ነው። ኩላሊት መስጠት ያስፈራል፣ ኒቪን። መፍራት ነውር አይደለም። ምናልባት ልብሽ ገና አልቆረጠም» አለቻት። ከዚያ ተነሥታ ስሟን ከአራተኛው እርከን ነቅላ ሁለተኛው ላይ ሰካችው፤ እያሰበች ያለች።

ክፉው ነገር ኒቪን ማመኗ ነው። ሌሊት ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «እውነት ይሆን?» ትላለች። «ሳላውቀው ተነሥቼ እየበላሁ ይሆን? ለወንድሜ መስጠቱ ከብዶኝ በራሴ ላይ እየዶለትኩ ይሆን?» የምትጠረጥረው ራሷን ብቻ ነበር። ኤሚልም ሳይቀር ሚዛኗ መቆሙን ሰማ። ባለፈው እሑድ፣ ሌላ ነገር ሲያወሩ ቆይተው፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «ኒቪኔ፣ ካልፈለግሽ አልቀየምሽም። ሰው ለገዛ ሥጋው ይሳሳል። እኔ ብሆንም እፈራ ነበር» አላት። ስልኩን ዘግታ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ አለቀሰች፣ ልጆቿ እንዳይሰሟት። አሁን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቆማ ያንን ለቅሶዋን አስታወሰችና ደሟ ፈላ። ቅቤውንስ ቅቤ ነው ትበለው። ጾሟን ማስገደፋቸውንም ለእግዚአብሔር ትተወው። በወንድሟ ላይ የጨከነች እህት ነኝ ብላ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ራሷን እንድትጠላ ያደረጓትን ግን ለማንም አትተወውም።

ፊቷን ታጥባ ወጣች። ባሏ ዋጊህ ሻዩን እየጠጣ የሜትሮ ባቡር ሠራተኛ ሸሚዙን ይቆልፋል። «ምነው ዓይንሽ ቀላ?» አላት። «ሳሙና ገብቶበት ነው» አለችው። ብትነግረው ምን እንደሚል ታውቃለች፤ መጀመሪያ «ተሳስተሽ ሰምተሽ ይሆናል» ይላል፣ ቀጥሎ «እናቴ ናት፣ ምን ላድርጋት?» ይላል፣ ከዚያ ነግሯቸው ወደ ሥራው ይሄድና እናቱ እስከ ቀትር ድረስ አምስት ዓይነት መሐላ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ደግሞ በዚህ ቤት ሥርዓት አለ። የእናት ማዕድ ቤት አንድ ነው፤ ከእሱ ወጥታ ለብቻዋ ድስት የጣደች ምራት ቤቱን እንዳፈረሰች ይቆጠራል። የዋጊህ ታናሽ ወንድም ሚስት እንዲህ አድርጋ ነው እስከ ዛሬ ስሟ የማይጠራው። ስለዚህ ኒቪን የባሏን አንገትጌ አስተካክላ ሸኘችው። ልጆቹንም ሸኘች። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች፤ ምክንያቱም ዛሬ የደጋፊዎች ቀን ነው።

ይህችን ቀን ታሶኒ ሊሊያን ስትለፍፍላት ወር አልፏታል። ሰው ብቻውን አይለወጥም፣ ከቤቱ የሚያግዘው አንድ ሰው ያስፈልገዋል፣ ብላ እያንዳንዷን ሴት ከደጋፊዋ ጋር ውል አስፈርማለች። የኒቪን ደጋፊ እማማ ዘኪያ ናቸው። መጻፍ ስለማይችሉ በአንገታቸው በሚያንጠለጥሉት፣ ስማቸው በተቀረጸበት የድሮ የነሐስ ማኅተም ነው የሚፈርሙት፤ ማታ ማታ የምግብ መዝገቧን ያስመጡና ማኅተሙን እፍ ብለውበት፣ ቀለም አስነክተው፣ «ምስር ያለ ዘይት» ከሚለው ጎን ጫን ያደርጉታል። ዛሬ ደጋፊዎቹ ሁሉ የሚያበስሉትን ምግብ ይዘው ይመጣሉ፣ ስላደረጉት ድጋፍ ይናገራሉ፣ አባ ቢሜን ማዕዱን ይባርካሉ፣ ሁሉም ከሁሉም ድስት አንድ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል።

ኒቪን ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስትወርድ እማማ ዘኪያ ሞላላውን ትልቅ ድስት በፎጣ እየጠቀለሉ ነበር። ጎኑ ላይ ትንሿ ድስት ቀይ ክሯን አስራ ተቀምጣለች። «ትልቁ ለማኅበሩ ነው፤ ከሙን አድርጌበታለሁ፣ ሎሚም ይዘናል» አሉ አማቷ። «ትንሿን ላይ አድርሻትና ስንመለስ ትበያለሽ። ባዶ ሆድሽን እንዳትውዪ ደግሞ።»

«እሺ እማዬ» አለች ኒቪን። «ትልቁን ግን ቀምሰውታል? ጨው አንሶት እንዳያሳፍረን።»

«ምን ቆርጦኝ ሳልቀምስ? ለአባታችን የሚቀርብ ነገር ሳልቀምስ አቀርባለሁ?»

«የእኔንስ?»

እማማ ዘኪያ ፎጣውን ማሰር አልተውም፤ እጃቸው ብቻ ትንሽ ዘገየ። «ያንቺንማ ምን እቀምሰዋለሁ፣ ዘይት የሌለው ነገር አፌ አይለምድም» ብለው ሳቁ። ኒቪንም ሳቀች። ሳቋ እንዴት እንደወጣላት ለራሷም ገረማት።

ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ዕቃ የምትሸከመው ኒቪን ናት። ሁለቱንም ድስቶች ይዛ «ልልበስና እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ቤቷ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። የትንሿን ክዳን ከፍታ ማንኪያ ሰደደችበትና ከቧንቧው ሥር በቀዝቃዛ ውኃ ያዘችው። ማንኪያው ላይ ነጭ ሞራ ረጋ። በጥፍሯ ፋቀችው፣ ጥፍሯ ሥር ገባ። የማይሸት አፍንጫዋን አስጠግታ ሞከረች፤ ምንም። ትልቁን ድስት እፎይ ብሎ እንዲቀመጥ ማድቤቱ መደርደሪያ ላይ አኖረችውና ትንሿን ድስት በፎጣው ጠቅልላ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠች። ክሩን አልፈታችውም። ክሩ እንዲታይ ነው የምትፈልገው። ቀሚሷን ለብሳ፣ ለዐሥራ አምስት ዓመት «እሺ እማዬ» ሲል የኖረ አፏ ዛሬ ሌላ ነገር ሊል መሆኑን እያሰበች ፀጉሯን አበጠረች። ምን ብላ እንደምትጀምር አላሰበችም። መናገሩንም ዝም ማለቱንም፣ ድስቱ ፊታቸው ሲቀርብ፣ ለአማቷ ልትተውላቸው ወስናለች።

አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ የሚንቋቋ የጣሪያ ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ ያ መሰላል። ዐሥራ አራት ሴቶች ከደጋፊዎቻቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ ባል ይዛ የመጣች ሁለት ብቻ፣ ሌላው እናት፣ እህት፣ ጎረቤት ነው። መጀመሪያ ሚዛን ነበር። አንደኛዋ ሰባት ኪሎ ቀንሳ ተጨበጨበላት፣ ስሟ ጫፍ ላይ ወጣ። ኒቪን ጫማዋን አውልቃ ወጣች። «ዘጠና ስድስት» አለች ታሶኒ ሊሊያን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዳታሳፍራት። የዝቅታው ድምፅ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። ፋሲካ ዐሥራ ሰባት ቀን ቀርቶታል። በዐሥራ ሰባት ቀን ስምንት ኪሎ የሚቀንስ ሰው የለም፤ ኤሚል ከኮሚቴው ፊት ሳይቀርብ ይቀራል፣ ተራው እስከ መስከረም ይገፋል፣ መስከረም ለእሱ ሩቅ ነው። ኒቪን ይህን ሁሉ ከሚዛኑ ወርዳ ጫማዋን እያጠለቀች አሰበችው።

እማማ ዘኪያ ለመናገር ሲጠሩ በሁለት እጃቸው ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። ጥቁር ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ማኅተማቸውን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው ነው የመጡት። «እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ» አሉ። «ይህ መሰላል ምን እንደሚል አላውቅም። የማውቀው ይህች ልጅ ለወንድሟ ስትል ጾሟን ጾም ላይ ደርባ እንደምትሠቃይ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ጉልበቴ በሌሊት ተነሥቼ የእሷን ምስር ለብቻው እጥዳለሁ። ልጄ ይብቃሽ፣ ትንሽ አርፈሽ ብዪ ብላት እምቢ ትላለች። ካልቀነሰች እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ምናልባት ቢላዋውን እሱ አልፈቀደላት ይሆናል።» የመጨረሻዋን ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እንባው የውሸት አልነበረም። ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ አንዷም አፍንጫዋን ጠረገች። ታሶኒ ሊሊያን «እናንተ፣ ትምህርቱ የቤተሰብ ድጋፍ የሚለው ይህንን ነው» አለችና ወደ ኒቪን ዞራ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ፣ «እንግዲህ ኒቪን፣ በውጭ ያለው ሁሉ ተስተካክሎልሻል። የቀረው ያንቺ ልብ ነው» አለቻት።

ኒቪን ቀና ብላ ሁለተኛው እርከን ላይ የተሰካ ስሟን አየች። «አዎ ታሶኒ» አለች። «ማዕዱ ላይ እንየው።»

አባ ቢሜን ገቡ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ሁዳዴውን ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚጾሙ። ዛሬም ከሴቶቹ ጋር ሊቀምሱ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ነው የመጡት። ድስቶቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፤ ዱባ፣ ባቄላ፣ ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠል። ኒቪን ቅርጫቷን ከፍታ ፎጣውን ፈታች። ትንሿ ድስት ወጣች፤ ቀይ ክሯ ጆሮዋ ላይ ነበር። ኒቪን ወደ አማቷ አላየችም፣ ማየት አላስፈለጋትም፤ ከጎኗ የነበረው ትንፋሽ ሲቆም ሰማችው።

«ትልቁስ?» አሉ እማማ ዘኪያ በሹክሹክታ። «ትልቁ ድስት የታለ?»

«ከበደኝ፣ ቤት ተውኩት። ደግሞ ለእኔ የሚሠሩልኝን ይቅመሱ እንጂ፣ እማዬ። ቀኑ የእሱ ቀን አይደል?»

አባ ቢሜን በመስቀላቸው ባረኩ። አባታችን ሆይ ተባለ። ታሶኒ ሊሊያን ለሁሉም ትናንሽ ማንኪያ አደለች። አባ ቢሜን «ከእናታችን ከዘኪያ እንጀምር፤ ይህን ሁሉ የደከሙት እሳቸው ናቸው» ብለው ማንኪያቸውን ትንሿ ድስት ውስጥ ነከሩ። ከኋላቸው ሃያ ምናምን ሰው ተራ ይዟል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ወተት ያልቀመሱ አሮጊቶች አሉበት። ኒቪን የአማቷን እጅ አየች። ሻርፓቸውን ጨምድዶ ይዟል፣ ይለቅቃል፣ ይይዛል። ማንኪያው ወጣ፣ ጢማቸውን አለፈ። አባ ቢሜን ከንፈራቸው ላይ ቢያደርሱት ኖሮ ትከለክላቸው እንደነበርና እንዳልነበር ኒቪን ራሷ አታውቅም። ያንን ዛሬ ድረስ ራሷን አልጠየቀችም።

«አይቅመሱ አባቴ!» አሉ እማማ ዘኪያ። ክንዳቸውን ያዟቸው፤ ምስሩ በጥቁሩ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

«ምነው እናቴ?»

«ተበላሽቷል። አድሯል። ሆድዎን ያምዎታል።»

«ዛሬ ጠዋት ነው የተሠራው» አለች ኒቪን። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። «አላደረም፣ አባ። ተበላሽቶም ከሆነ እኔ ስበላው ነው የከረምኩት። እማዬ፣ ለአባታችን የማይሆነው ለእኔ የሆነው ለምንድን ነው? ይንገሯቸው።»

ታሶኒ ሊሊያን ማንኪያዋን ድስቱ ውስጥ ነክራ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ አፍንጫዋ ጤነኛ ነው። ፊቷ ሲለዋወጥ ሁሉም አየ። እማማ ዘኪያ አንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ አባ ቢሜን ተመለከቱና ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «ቅቤ አለበት» አሉ።

«ስንት ቀን?» አለች ኒቪን።

«ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ።»

አንዲት አሮጊት አማተበች። ሌላዋ ማንኪያዋን እንደ ትኩስ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ኒቪን የምግብ መዝገቧን ከቦርሳዋ አውጥታ ለአባ ቢሜን ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ገጽ በገጽ ገለጡት። በየገጹ «ምስር ያለ ዘይት»፣ በየገጹ የነሐሱ ማኅተም፤ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ዘኪያ፣ ዘኪያ፣ ዘኪያ። «ባለፈው እሑድ አቁርቤዎታለሁ» አሉ አባ ቢሜን፣ ቀስ ብለው። እማማ ዘኪያ ሻርፓቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡት። ከሻርፑ ሥር «እንዳትሞት ብዬ ነው» ሲሉ ተሰማ። «ሁለት ልጆች አሏት። የሐኪሞቹ ጠረጴዛ ላይ ብትቀርስ? ማን ያሳድጋቸዋል? በዚህ ጉልበቴ እኔ?» ይህን ሲሉ ጥቂት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ፤ እነሱም ልጅ አላቸው። ኒቪን ግን አልራራችም። «ፈርተው ከሆነ ፈራሁ ይሉኝ ነበር» አለች። «ፍርሃትዎን የእኔ አደረጉት።»

ታሶኒ ሊሊያን ወደ ግድግዳው ሄዳ የኒቪንን ስም ከሁለተኛው እርከን ነቀለች። አራተኛው ላይ ልትሰካው ስትል ኒቪን «ተይው፣ ታሶኒ» አለቻት። «ልብሽ አልቆረጠም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ስለ ልቤ ስትጠይቂኝ ሁለት ወር ሊሞላሽ ነው፤ ድስቴን ማን ይጥደዋል ብለሽ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። ውሉን ያስፈረምሻቸውም አንቺ ነሽ።» ታሶኒ ሊሊያን ስሙን የትም ሳትሰካ በመዳፏ ያዘችው። «ልክ ነሽ» አለች፣ እንደ ወትሮው ፈገግ ሳትል። አባ ቢሜን በበኩላቸው እማማ ዘኪያ እስከ ፋሲካ እንደማይቆርቡ ተናግረው ሲያበቁ ወደ ኒቪን ዞሩ። «ልጄ፣ እናታችንን ይቅር በያቸው። ጾም ላይ ነን» አሏት። እማማ ዘኪያም ሻርፓቸውን ገለጥ አድርገው «ይቅር በይኝ» አሉ።

«እኔን አይደለም የሚጠይቁት» አለች ኒቪን። «የሚጠይቁት ሰው ሌላ ነው፤ ማታ አገናኝዎታለሁ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ቅርጫቱን ኒቪን ያዘች፤ እማማ ዘኪያ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ይከተላሉ። በየመንገዱ የሚያቆማቸውና «እንዴት ዋሉ እማማ» የሚላቸው ሰው ነበር፤ ዛሬም ነበር፤ እሳቸው ግን ሻርፓቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። ነገ ይህ ወሬ ከሹብራ አልፎ ማግዳ ቤት እንደሚደርስ ያውቃሉ። ኒቪን ቤቷ ገብታ የራሷን ምድጃ ለኮሰች፣ ትንሿን ድስት በሙቅ ውኃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበቻት፣ ክሩን በቢላዋ ቆረጠችው። ለራሷ ምስር ጣደች። ለብቻዋ ድስት የጣደች ሁለተኛዋ ምራት ሆነች፤ ጉድ ይበሉ።

ዋጊህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ከታች እናቱ ነግረውት ነው የመጣው፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «አላውቅም ነበር» አለ። አመነችው፤ ማመኗ ግን ምንም አላቃለለላትም። «እናትህን ጥራልኝ» አለችው። «ጉልበቷን ያማታል፣ ኒቪን። ይብቃት። ሰው ፊት ተዋርዳለች፣ ምን ቀረ?» «አንድ ነገር ቀርቷል።» «እናቴ ናት።» «አውቃለሁ። ኤሚልም ወንድሜ ነው» አለችው። ዋጊህ ወረደ። የእማማ ዘኪያ እግር ደረጃው ላይ አንድ በአንድ ሲወጣ ተሰማ፤ በየእርከኑ ይቆማል፣ ያቃስታል፣ ይወጣል። ኒቪን ልትረዳቸው አልወጣችም። ለዐሥራ አምስት ዓመት ይህን ድምፅ በሰማች ቁጥር ሮጣ ክንዳቸውን ትይዝ ነበር።

ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኒቪን ስልኳን አውጥታ የኤሚልን ቁጥር ነካችና ስልኩን አማቷ ጭን ላይ አኖረችው። ማጉያውን ከፈተችው። እማማ ዘኪያ ስልኩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ባይችሉም የማን ፎቶ እንደሆነ አይተዋል፤ ገርጥቶ የሚስቅ፣ ክንዱ በመርፌ የተበሳሳ ሰው። «ኒቪን፣ በሞቴ» አሉ። «የፈለግሽውን ቅጪኝ። ከዚህ ልጅ ጋር ግን አታገናኚኝ። እንደ ልጄ ነው የሚወደኝ።»

«ለዚህ ነው» አለች ኒቪን።

ስልኩ ተነሣ። «ኒቪኔ?» አለ ኤሚል። ትላንት ደሙን አሳጥቦ ስለነበር ድምፁ ደክሟል። መልስ ሲያጣ «ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ዘኪያ።»

«እማማ ዘኪያ? ሰላም ነዎት? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የነገርኩዎትን ቅባት ገዙት? ካልገዙ እኔ እልክልዎታለሁ፣ ቅዳሜ ወደ ሐኪም ቤት ስወጣ ፋርማሲው በር ላይ ነው የማልፈው።»

እማማ ዘኪያ አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ። ዋጊህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኒቪን ወንበር ስባ ከአማቷ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። ምድጃው ላይ ምስሯ ይንተከተካል።

«ኒቪንም ደህና ናት?» አለ ኤሚል። «ዛሬ ሚዛን ነበራት አይደል? እማማ፣ አይጫኗት። አልቀነሰችም አይደል? ገብቶኛል እኔ። ፈርታ ነው፣ እንዳይቆጧት። እኔ አልተቀየምኳትም፣ ይንገሩልኝ።»

«ይንገሩት» አለች ኒቪን።

አሮጊቷ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኒቪን ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም፤ እስኪነጋም ቢሆን ትቀመጥ ነበር። ኤሚል «ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?» አለ፣ ትንሽ ቆይቶም «እማማ?» አለ።

«ኤሚል፣ ልጄ» አሉ እማማ ዘኪያ። ሻርፓቸውን ከአፋቸው አውርደው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እህትህ አልፈራችም። ምስሩን የምሠራላት እኔ ነበርኩ።»